ነሐሴ ሠላሳ አንድ

የኔታ ባረፉ በአርባኛው ቀን ደብረ ኤልያስ ነበርኩ። ጸሎቱ አልቆ ወደ ዳሱ ስናመራ አንዲት ሴት ከፊቴ መጥታ ቆመች። ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ስለነበር መጀመሪያ አላወቅኋትም። ዓይኖቿን ሳይ ግን ክው አልኩ። ካየኋት ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። ደብረ ማርቆስ በነበረን ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ጸሐፊያችን ነበረች፤ ሌባ ነሽ ብዬ ያባረርኳት እኔ ራሴ ነኝ።

«ያን ማሽን ጥለውት እንደሆነ ጣልኩት ይበሉኝና ይለይልኝ» አለችኝ። «ካልጣሉት ግን ይክፈቱት።»

አለመጣሌን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። አጠገቤ የነበረው አበልጄ ምን ፈልጋ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። የሞተ ማሽን ምኑ ይከፈታል ብሎ ሳቅ አለና ክንዴን ይዞ ወደ ዳሱ አስገባኝ። ጠላ ቀድቶ የሰጠኝም እሱ ነው።

አበልጄ የምለው ለወጉ አይደለም። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ከዚያ በፊት በየኔታ ቅኔ ቤት አምስት ዓመት አንድ ጎጆ አድረናል። እኔን ሲያመኝ እሱ ለምኖ ያበላኛል፣ እሱን ሲያመው እኔ። ሁለታችንም ትምህርቱን ዳር ሳናደርስ ከተማ ገባን፤ ማርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይተን ማመልከቻና ውል የሚጻፍባት ቤት ከፈትን። «ወንድሜ» ነበር የምለው። በስሙ ጠርቼዋለሁ ብል ይከብደኛል።

ማሽናችን አንድ ነበር፤ የድሮው ዊንዶውስ የተጫነበት፣ ስክሪኑ ጠረጴዛውን ሙሉ የሚወርስ። የምንጽፍበት የአማርኛ ፕሮግራም ዛሬ የትም የለም። በዚያ የተጻፈን ነገር አዲስ ኮምፒውተር ላይ ብትከፍቱት የሚታያችሁ ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ክምር ነው።

አሁን የምናገረው ተራ የቤት አሠራር ነው፤ ነገሩ ሁሉ የዞረው ግን በእሱ ላይ ነው። ያ ፕሮግራም ከደብዳቤው ራስጌ የዕለቱን ቀን በራሱ ይጽፍ ነበር። አንድ ገበሬ የፈረንጅ ቀን የተጻፈበት ማመልከቻ ይዞ ሄዶ ሲመልሱት ደሜ ፈላና የማሽኑን ቀን በእኛ አቆጣጠር አደረግኩት። መስከረም አንደኛ ወር፣ ነሐሴ ዐሥራ ሁለተኛ። ማሽኑ ግን የራሱን ልማድ አይተውም። አንዳንዱን ወር ሠላሳ አንድ ያደርገዋል፣ ጥቅምትን ደግሞ በሃያ ስምንት ይቆርጥብኛል። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ቀኑን በእጄ አስተካክላለሁ። ይህን ሥራ ለማንም አልሰጥም ነበር። በእንዲህ ያለ ነገር ግትር ነኝ፣ ባለቤቴም ትመሰክራለች።

ጳጉሜን ላይ ግን ተሸነፍኩ። ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ለማሽኑ በምንም አይገባውም። የተሳሳተ ቀን ያለበት ወረቀት ከቤቴ ከሚወጣ ቤቱ ይዘጋ አልኩ። ነሐሴ ሠላሳ ማታ ማሽኑን አጥፍተን እንቆልፋለን፣ ጳጉሜንን እንዳለ ለጠበል እንተወዋለን፣ መስከረም ሁለት እንከፍታለን። ቁልፉ ሁለት ነበር። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አበልጄ ጋ። ጸሐፊዋ ቁልፍ አልነበራትም።

የኔታ ዓይናቸውን ለመታከም ማርቆስ መጥተው ሁለት ክረምት እኔ ቤት ተቀመጡ። ስንት ዓመት ለምኜ እምቢ ያሉኝን ያኔ እሺ አሉኝ፤ ከመምህራቸው የወረሱትን፣ በቃል ብቻ የኖረውን የቅኔ መንገድ ሊያስጽፉን ፈቀዱ። ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ጓዳ ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይናገራሉ፣ ልጅቱ ትጽፋለች፣ እኔና አበልጄ እናርማለን። እጇ ፈጣን ነበር። የኔታ የአንዱን ቃል ምሥጢር ሲያብራሩ እጇን አቁማ ታዳምጥ ነበርና «ይቺ ብትማር ታስንቃችሁ ነበር» ይሉን ነበር። ያስጠነቀቁን አንድ ነገር ነው፤ በሕይወት እያሉ ጽሑፉ ከዚያ ክፍል እንዳይወጣ፣ ወረቀት ላይም እንዳይታተም። ወረቀቱን ያየ ተማሪ ከመምህር እግር ሥር አይቀመጥም ብለው ይፈሩ ነበር። ሦስታችንም ቃል ገባን።

የሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ሠላሳ ዕለት የመጨረሻውን ምዕራፍ አስጽፈው ጨረሱ። ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ በማግስቱ ማለዳ እናት አባቷ ዘንድ አምበር ሄደች፤ መኪና ላይ ያሳፈርናት የኔታና እኔ ነን። ከዚያም የኔታን ይዤ ጠበል ወረድኩ። መስከረም ሁለት ስመለስ አበልጄ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ማሽኑ አልነሣ ብሏል፣ መብራቱ ሲዋዥቅ ሰንብቶ አቃጥሎታል አለኝ። ራሱ ተሸክሞ ባለሙያ ዘንድ ወሰደው፤ ሲመለስ ዲስኩ ጭምር ሞቷል አለኝ። የሁለት ክረምት ልፋት ነውና ሰው እንደሞተበት አለቀስኩ። እሱም አብሮኝ አለቀሰ፤ እንባውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁዳዴ ላይ አንድ ተማሪ ከአዲስ አበባ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ከፍቼ ሁለት ገጽ አነበብኩ። የየኔታ ቃል ነው፤ ምሳሌያቸው፣ አነጋገራቸው፣ ልጅቱ የጻፈቻቸውና እኛ ሳናርም ያለፍናቸው ሁለት ግድፈቶች እንኳ እንዳሉ አሉ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የማናውቀው ሰው ነው። የኔታ የሚባል የለበትም።

ጽሑፉን የምናውቅ ሦስት ነን። እኔ አላደረግኩትም። ከቀሩት ከሁለቱ መካከል ማን እንደሆነ ለማሰብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። አበልጄ በሐምሌ ወር ልጅቱ ፍሎፒ በቦርሳዋ ስትከት አይቻለሁ፣ ስሟን ላለማጥፋት ብዬ ነው ዝም ያልኩት አለኝ። አመንኩት። ልጅቱ ስትምል፣ ስታለቅስ፣ ማሽኑን ክፈቱትና ተመልከቱ ስትል ሞቷል አልኳት። አባረርኳት። ያም አልበቃኝ ብሎ አምበር ድረስ ሄጄ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ቆሜ፣ ጎረቤት እየሰማ ለአባቷ ነገርኩ። ሰውየው ትልቅ ሰው ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና ግባ እንኳ ሳይሉኝ ወደ ቤት ገቡ።

የኔታ ማንንም በስም አልወቀሱም። ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ቃላቸውን የወሰደው ሰው እስካልተናዘዘ ድረስ የተገዘተ ይሁን አሉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። አበልጄ አጠገቤ ነበር። ከሁላችንም ጎላ አድርጎ አሜን ያለው እሱ ነው። በዓመቱ ትልቅ ትምህርት ቤት ገባ፤ ዛሬ ሰው ቆሞ የሚያሳልፈው የተከበረ ሰው ነው።

ለአርባቸው ከሄድኩበት በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የማሽኑን ሣጥን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ለምን እንዳልጣልኩት ሲጠይቁኝ የየኔታ ድምፅ አለበት እል ነበር። ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁና የድሮ ዲስክ ከላፕቶፕ ጋር በሚያገናኝ ገመድ ሰካሁት። ሞቷል የተባለው ዲስክ ሽው ብሎ ዞረ። ላፕቶፑ አንዴም ሳያንገራግር አወቀው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስታዬ ቆም አለ። ባለሙያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያን ጊዜም ቢሆን ለአበልጄ ጠበቃ ቆሜ ነበር ማለት ነው።

ፋይሉ አለ፤ ሲከፈት ግን ያልኳችሁ የፈረንጅ ፊደል ክምር ነው። ማንበብ የሚቻለው ያ የድሮ ሲስተም ከነፕሮግራሙ ተነሥቶ ቢሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲስኩን እንዳለ ገልብጬ፣ ዋናውን ሳልነካ ቅጂውን ቨርቹዋል ማሽን ላይ አስቀመጥኩት። ነገሩ ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ የማይጨበጥ ኮምፒውተር ሠርቶ፣ የድሮውን ሲስተም በድሮው ቤትህ ነህ ብሎ ማታለል ነው።

ማታለሉ ቀላል አልሆነም። የመጀመሪያው ቀን የሚነሣ ሲስተም የለም የሚል ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ስክሪን ላይ ወጣና እዚያው ቀረ። ዲስኩ አለ፣ እያየሁት ነው፣ እሱ ግን የለም ይላል። ግማሽ ቀን ከታገልኩ በኋላ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ዲስኩን በአዲሱ ዓይነት ማገናኛ ነበር የሰጠሁት፤ የድሮው ሲስተም ደግሞ ሲሠራ ያልነበረን ነገር ከየት ያውቀዋል? ማገናኛውን ወደ ድሮው ዓይነት ለወጥኩለትና አንድ እርምጃ ሄደ።

በማግስቱ በቂ ሜሞሪ የለም ብሎ ቆመ። ተናደድኩ። አራት ጊጋ ሰጥቼዋለሁ፤ በዘመኑ የማርቆስ ኮምፒውተር ሁሉ ቢደመር ይህን ያህል አይኖረውም። ስምንት አደረግኩለት፣ አሁንም አነሰኝ አለ። ለካ የበዛበት ነው። መቁጠር ከሚችለው በላይ ሲሰጡት ይምታታበትና የለኝም ይላል። ወደ ሩብ ጊጋ ዝቅ ሳደርገው ምንም እንዳልተፈጠረ አለፈ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከሳምንቱ ውስጥ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ሦስት ቀን ያዘኝ። ሰማያዊው መክፈቻ ብቅ ይልና የጥበቃ ስሕተት፣ እንደገና አስነሣ ይላል። አስነሣዋለሁ፣ ይደግመዋል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ውሎ አድሮ አንድ የማላውቀው ፈረንጅ የጻፈውን አነበብኩ። የድሮው ሲስተም ሲነሣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ለማወቅ አንድ ቁጥር እስኪቆጠር ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይለካል። የዛሬው ፕሮሰሰር ደግሞ መለካት ሳይጀመር ቆጥሮ ይጨርሳል። ጊዜው ዜሮ ይሆናል፣ ለዜሮ ማካፈል ይመጣል፣ ሲስተሙም ይወድቃል። ማስተካከያ ፋይሉን አገኘሁና ዲስኩን ከውጭ ከፍቼ የጎደለውን ተካሁለት።

በእነዚያ ቀናት ሁሉ አበልጄ ይደውል ነበር። ተከፈተ ወይ ይላል፤ አልተከፈተም ስለው ራስህን አታድክም ይለኛል። ባሕር ዳር የሚያውቀው ጎበዝ ልጅ አለ፣ ዲስኩን ስጠኝና ልላክልህ አለኝ። አንድ ቀን ሰው ልኮ ሊያስወስደው ነበር። እኔ ጅሉ ስለ እሱ ደግነት ለባለቤቴ አወራኋት።

ዐርብ ቀን ከምሳ በኋላ ተነሣ። የመክፈቻው ዜማ ከላፕቶፑ ተሰማ። ያ አረንጓዴ ስክሪን፣ ልጅቱ ያቀለመችው የማርያም ሥዕል ያለበት፣ እንደተውነው አለ። ፕሮግራሙን ከፍቼ የየኔታን ጽሑፍ አወጣሁ። አማርኛው ጥርት ብሎ ወጣ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩትና አለቀስኩ፤ በሕይወት ሳሉ ላሳያቸው ስችል አላሳየኋቸውም።

ጽሑፉን ካገኘሁ ሥራዬ አልቋል። ልዘጋው ስል ነው የቅርብ ጊዜ ሥራዎች የሚለውን ዝርዝር ያየሁት። ያ ሲስተም መጨረሻ ላይ የተነኩትን ፋይሎች እንደ ታማኝ ዘበኛ መዝግቦ ያስቀምጣል። አሁን እኔ ከከፈትኩት ቀጥሎ የሚኖረው የየኔታ የመጨረሻ ምዕራፍ መሆን ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ማሽኑን አልነካውማ። ከእሱ በላይ ግን አራት ፋይል አለ። ስም የላቸውም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይላሉ። አንዱን ከፈትኩት። የየኔታ ጽሑፍ ነው፣ ሩቡ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ተከታዩ ሩብ። አንድ ፍሎፒ ሙሉውን ስለማይችል እያንዳንዱ በየፍሎፒው እንዲገባ ተቆርጧል።

የተሠሩበትን ቀን ተመለከትኩ። አራቱም ሠላሳ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት ይላሉ።

ሌላ ሰው ቢያየው የፈረንጅ ዓመት ማብቂያ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን የማሽኑን ቀን በእጄ አስተካክል የነበርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ማሽን ላይ ዐሥራ ሁለት ማለት ነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ሠላሳ አንድ የለውም። ነሐሴ ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን የሚወጣው አንድ ሰው ጳጉሜን አንድ ቀን፣ እኔ ሳላስተካክለው፣ ማሽኑን ከፍቶ ከሆነ ብቻ ነው። ሰዓቱም አለ፤ ከቀኑ አምስት ተኩል። በዚያ ሰዓት እኔ ከየኔታ ጋር ጠበል መንገድ ላይ ነበርኩ። ልጅቱን ማለዳ በእጃችን አሳፍረናታል። የቀረው ቁልፍ የአንድ ሰው ነው።

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ስለ እሱ የማውቀው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣብኝ፤ የለመንነው ቁራሽ፣ የልጄ ክርስትና፣ እንባው፣ ያ አሜን። በየትኛው እውነተኛ እንደነበር ማወቅ አቃተኝ፤ ያመመኝም ይኸው ነው። ጽሑፉን ብቻ አልነበረም የወሰደብኝ። ወንድሜ ነው ብዬ የኖርኩበትን ዕድሜ ወሰደው።

ቅዳሜ ጠዋት ራሱ መጣ። ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞርኩለት። ያን ቀን አይቶ ትርጉሙ የሚገባው በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ እሱ ብቻ ነው፤ ገባው። ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። ከዚያ ተናገረ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ሰው ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ ብሎት ነበር፤ የየኔታን ጽሑፍ አንዴ ልየው ብቻ አለው። መጽሐፍ ያደርገዋል ብሎ አላሰበም። መጽሐፉ ሲወጣ ፈራ። ከዚያ አስቀድሞ፣ ገና መስከረም ላይ፣ ማሽኑን የማይነሣ ያስመሰለውም መቅዳቱ እንዳይታወቅበት ፈርቶ ነው፤ የውስጡን ገመድ ነቅሎ። ልጅቱንስ አልኩት። ቆቡን ጭኑ ላይ አገላበጠ።

መናዘዝ እንዳለበት ነገርኩት፤ የኔታ አፈር ውስጥ ገብተዋል፣ ግዝቱ ግን አልገባም አልኩት። ያኔ ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለኝ። «ሣጥኑ አልጋህ ሥር ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ተኛህበት።»

ውጣልኝ አልኩት፤ ወጣ። የተናገረው ግን እውነቱን ነው። ያን ዲስክ በማንኛውም ዓመት ልሰካው እችል ነበር። የእሱን ጥፋት ከማይ የእሷ ጥፋት ይሻለኝ ነበር። ከዳኝ ብዬ አሁንም እናገራለሁ፣ ከድቶኛልም። እሷን የከዳኋት ግን እኔ ነኝ፤ አምበር ድረስ የሄድኩት እሱ ልኮኝ አይደለም።

ሰኞ አምበር ሄድኩ። የፕላስቲክ ዕቃና ሳሙና የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ጄሪካን የምትገዛ ሴት እስክትሄድ ጠብቄ በመስኮቱ ጎንበስ አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ አራቱን ፋይል፣ ቀኑን፣ ቁልፉን። ፊቷ አልተለወጠም። ይቅር በይኝ አልኳት።

«ያኔ ለአባቴ ሊነግሩት እስከ ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር» አለችኝ። «ዛሬ በሱቅ መስኮት ነው የሚነግሩኝ?»

አባቷ ካረፉ ሰባት ዓመት እንደሆናቸው ያወቅሁት ወደ ቤታቸው ስንሄድ መንገድ ላይ ነው። ሱቁን ዘጋች፣ ከኋላዋ ተከተልኳት። ቤቱ ያው ነው፤ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ሳይቀር ያው ነው። እናቷ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ማን እንደሆንኩ ስትነግራቸው ግባም ውጣም አላሉኝም። ወደ ውስጥ ገብቼ በቀስታ መናገር ጀመርኩ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ያኔ ደጅ ቁመህ ነው የተናገርኸው» አሉኝ። «አሁንም ደጅ ውጣና ድምጥህን ከፍ አድርገህ ተናገር። የእኔ ጆሮስ ደህና ነው፤ ጎረቤት ይስማ እንጂ።»

ወጣሁ። ከአጥሩ ማዶ ስንዴ የሚያበጥሩ ሴቶች ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌም ከበሬዎቹ ጋር ቆሟል። ልጅቱ ከእናቷ ጋር በሩ ላይ ቆመች። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ሰው እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም አልጻፍኩም። እዚያ ደጃፍ ላይ ግን ወንድሜ ስለው የኖርኩትን ሰው ስም ከነአባቱ ጠራሁ። ሴቶቹ ማበጠራቸውን አቆሙ። ሽማግሌው በእሷ ላይ በሐሰት የመሰከረውስ ማነው ብሎ ጠየቀኝ፤ የራሴንም ስም ከነአባቴ ጠራሁ።